«የቀረ ማን አለ?»

የክርያት ማላኪው ሽማግሌያችን አባ ማሩ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ አያሳጥሩም። የባሌን ጤና፣ የልጄን ጥርስ፣ የምኖርበትን የገዴራን ሙቀት ሳይቀር ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ያን ቀን ግን «ወርቄ» ብለው ጠሩኝና፣

«ፎቶ አለሽ?» አሉኝ።

«የማን ፎቶ፣ አባ?»

«የፈንታሁን።»

ጋን ያቭኔ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት እሠራ ነበርና ስልኩን ያነሳሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በሥራ ሰዓት ተደውሎ የአንድ ሰው ፎቶ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። «መቼ?» ብቻ አልኩ።

«ዛሬ ጧት። የሥራ አውቶቡስ ሲጠብቅ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ልቡ ነው አሉ።» ድምፃቸው ደክሟል። «እናቱ ጎንደር ናት፣ ታውቂያለሽ። እሑድ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። መርዶ ነጋሪዎቹ ባዶ እጃቸውን አይገቡባትም። አንድ ፎቶ ስጡኝ ብዬ ክርያት ማላኪን አዳረስኳት። ሁሉም የፈንታሁን ፎቶማ አይጠፋም ይላል፤ ሲፈልግ ያጣል። አንቺ አብረሽው ሠርተሻልና አይጠፋሽም ብዬ ነው።»

እኔም አይጠፋም አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ሬሳው በሌለበት ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ ወይም ፎቶ ይወጣል። እናት ልጅሽ በሰው አገር ሞተ ስትባል ጆሮዋ ብቻውን አይበቃትም። የምትታቀፈው፣ እያየች ሙሾ የምታወርድበት ነገር ትፈልጋለች። የአያ ፈንታሁን እናት እማማ ዝማም ልጇን ካየችው አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ልብሱን ብንልክላት እዚህ የተገዛ ስለሆነ አታውቀውም። የቀረው ፎቶ ነው። ሰውየው ደግሞ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከክርያት ማላኪ እስከ ገዴራ እሱ ያላነሳው ቤተሰብ የለም።

ስለ እሱ የማወራው ደግ ነበር ለማለት ብቻ አይደለም። ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እንደ እሱ የሚያናድድ ደግ ግን አላጋጠመኝም።

ያወቅሁት ቤኤር ቱቪያ ነው፣ ከክርያት ማላኪ አጠገብ ባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ አትክልት በምናሽግበት መጋዘን። ከጎንደር ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጧት ዕብራይስጥ ለመማር ኡልፓን እገባለሁ፣ ከሰዓት ቃሪያ በካርቶን እደረድራለሁ። እሱ የሚቆመው ሚዛኑ ጋ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ የካሜራ ቦርሳ ባይሸከምም እንደተሸከመ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበር። ሥራ ላይ ሲሆን አፉን በጉልበት ካላስከፈቱት አይናገርም። ጎንደር ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ሲያጥብ ነው ሙያውን የተማረው። እዚህ ቀን ካርቶን ይመዝናል፣ ሠርግ ሲኖር ሠርግ ያነሳል። ያኔ ነገሩ ሁሉ በቪዲዮ ካሴት ነበር።

ሠርግ የደረሰባቸው ሰዎች ሊያነጋግሩት ቤቱ ሲሄዱ ስለ አዳራሹ አይጠይቅም፤ ስለ ቬሎውም አይጠይቅም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና፣ «እሺ፣ የቀረ ማን አለ?» ይላል። መጀመሪያ የሄደ ሰው ግራ ይገባዋል። ስንት ሰው እንደሚመጣ ሊነግረው ተዘጋጅቶ ነዋ የመጣው።

እኛ ግን ግማሻችን እዚህ፣ ግማሻችን እዚያ የሆንን ሰዎች ነን። እናት ትመጣለች፣ ልጅ ይቀራል። ወንድም ይፈቀድለታል፣ እህቱ ወረቀትሽ ይታያል ትባላለች፤ ሲታይ ዓመት ይከተላል። ጎንደር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ዘመዶቻችን ሠርጋችንን የሚያዩት በካሴት ነበር። ካሴቱ በሰው እጅ ይላካል፣ ዴክ ያላት ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፣ ልጅ አዋቂው መሬት ላይ ይደረደራል። አያ ፈንታሁን የሚያነሳው ለእነሱ ነው። «ለመጣውማ ምን አነሳለታለሁ፣ በዓይኑ አይቶት የለ?» ይል ነበር።

ደብተሩን አንድ ቀን አሳይቶኛል። «እናት፣ ዓይኗ ደካማ ነው፣ ቀረብ አድርጎ ማንሳት» ይላል አንዱ ገጽ። ሌላው፣ «አጎት፣ ከወንድሙ ተኳርፈው ነው የተለያዩ። ወንድሙን አስቀድሞ ማናገር።» ስለ ሙሽሮቹ የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ሠርጉ ላይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ያ ዝምተኛ ሰው ካሜራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። «እማ፣ ወደዚህ ይበሉ። ስምዎ ማነው? ጎንደር ላይ ለማን ነው ሰላምታዎ? ቀስ ብለው ይናገሩ፣ እዚያ የሚሰማዎ አለ።» አፉን የሞላ ሰው ካገኘ «ዋጥና ተናገር» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ያጉረመርማል፤ እሱ ምን ገዶት። እዚህ ተወልደው አማርኛ የማያውቁትን ልጆች ጥግ ይወስድና አንዲት ዐረፍተ ነገር ያስጠናቸዋል፤ «አያቴ፣ እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ።» እስኪችሉ አይለቃቸውም።

ካሴቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ሙሽሮቹ ከዚያ ውስጥ አርባ ደቂቃ አይሞሉም። አንዱ ሙሽራ ተናዶ፣ «አያ ፈንታሁን፣ ይሄ የእኔ ሠርግ ነው ወይስ የሕዝብ ቆጠራ?» ቢለው፣ «ያንተ ፊት የት ይሄዳል፣ ሚስትህ ዕድሜ ልኳን ታየዋለች» አለው።

እነዚያን ካሴቶች ሁሉ፣ ጠሪ ይኑራት አይኑራት፣ አንዲት ሴት ታያቸው ነበር። እማማ ዝማም። የእኔም እናት ጎንደር ከሚጠብቁት አንዷ ናትና የነገረችኝ እሷ ናት። የማንም ሠርግ ካሴት መጣ ከተባለ እማማ ዝማም ቀድማ ትደርሳለች፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ትቀመጣለች። ልጇ በካሴቱ ላይ የለም፤ ካሜራ የያዘ ሰው እንዴት ይታያል። ድምፁ ግን አለ። በስልክ ሲያገኛት ሁለቱም ያለቅሳሉ እንጂ ወሬ አይወጣቸውም። በካሴት ግን አራት ሰዓት ሙሉ ይናገርላታል። «ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» ትላለች ስትሰማው። ወይም፣ «ዛሬ ደህና በልቷል፣ ድምፁ ወፍሯል።» ሌላ ሰው ያነሳው ካሴት ሲሆን ትንሽ ታዳምጥና «ይሄ የልጄ አይደለም» ብላ ነጠላዋን አራግፋ ትወጣለች።

መጋዘኑ ውስጥ ሃፍሳካ ሲሆን፣ ዕረፍት ማለት ነው፣ ሊያገቡ የደረሱ ልጆች ይከቡታል። ጻላም እንዴት ይመረጣል እያሉ ይጠይቁታል። ፎቶ አንሺን ጻላም ማለት ለምደን ነበር። እኔን ምረጡ አይልም። አንድ ቀን ግን አንዷ ልጅ ወጥራ ስትይዘው እንዲህ አላት፤

«አልበሙን እንዳታይ። አልበም ውስጥ የሚገባው የተመረጠ ነው፣ ማንም ቢሆን የተመረጠ አያጣም። ዋጋውንም ተይው። ዝም ብለሽ ተቀመጭና ምን ብሎ እንደሚጠይቅሽ ስሚ። ስለ መጣው ብቻ ከጠየቀሽ ተነሥተሽ ሂጂ። ስለ ቀረው ከጠየቀሽ ግን ካሜራው አሮጌም ቢሆን እሱ ነው ያንቺ ጻላም።»

እኔም እዚያው ተቀምጬ ዳቦዬን እየበላሁ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

የእኔ ሠርግ በደረሰ ጊዜ የባሌ እህት ሲጋል ሥራውን ሁሉ በእጇ አደረገች። ሕፃን ሆና ነው የመጣችው፤ ውትድርናዋን ጨርሳለች፤ አማርኛዋን የምታወጣው ለእንግዳ ብቻ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም። «ወርቄ፣ አንቺ ሙሽራ ነሽ» አለችኝ። «አራት ሰዓት ካሴት ማን ያያል? አሮጊቶች ሻሎም ሻሎም ሲሉ? ያቭኔ አንድ ጻላም አለ፣ ክሊፕ ይሠራል፣ እንደ ሲኒማ። ያላ፣ ነገ እንሂድ።»

ሄድን። የያቭኔው ልጅ ትሑት ነበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበልን። የአበባው ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቀን፣ የምንገባበትን ዘፈን ጠየቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ሊያነሳን እንደሚፈልግ ነገረን። ብዙ ጠየቀ። እኔ የአያ ፈንታሁንን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ። ከየት ይምጣለት? እናቴ ጎንደር ናት፣ ሠርጌን በካሴት ነው የምታየው ብዬ ብነግረው ኖሮ ያደርግልኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። አንድ ቀን እንኳ የጎደለባት ሳልሆን እንደ አልበሙ ሙሽሮች ምንም ያልጎደላት መሆን አማረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሲጋልም የልጁም አይደለም።

በማግስቱ ሚዛኑ ጋ ሄጄ፣ «አያ፣ ሠርጌን ሌላ ሰው ሊያነሳው ነው» አልኩት።

ካርቶኑን መዘነ፣ ጻፈ፣ ወደ ጎን አደረገው። «ስለ እናትሽ ነገርሽው?»

«እነግረዋለሁ።»

«ቤሰደር» አለ፣ እሺ ማለት ነው። ቤሰደር የሚለው ሲከፋው ነበር።

ሠርጉ ገዴራ ነበር፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ተጠርቶ መጣ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስቀመጡት። ያለ ካሜራ ሠርግ ቤት ሲገባ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፈዋል። ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ ነበር። አለፍ ስል «አምረሻል» አለኝ፤ መከፋቱ አልቆየም።

የያቭኔው ልጅ የሠራው ካሴት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር። እውነት ለመናገር እንደዚያ ቆንጆ ሆኜ አላውቅም። ለእናቴ ላክሁት። ስትደውል ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«አየሁሽ ልጄ። ተመስገን።»

«ወደድሽው፣ እማ?»

«ሌላስ ማን መጣ?»

«ሁሉም መጥቷል እኮ።»

«እህቴስ? ሦስት ጊዜ መልሰን አየነው። አንዲት ሴት ትከሻዋ ያልፋል፣ እሷ ትሆን አልኩ። ፊቷን አላገኘሁትም። ታማለች እንዴ፣ ደብቃችሁኝ ነው?»

አክስቴ አልታመመችም፣ ስትጨፍር ነበር የዋለች። እናቴ አላመነችኝም። እማማ ዝማምም ገና ከመጀመሩ ተነሥታ ወጣች አለችኝ።

ለአያ ፈንታሁን ስነግረው «ብዬሽ አልነበረም?» ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለም። «ሠርግሽን እንደገና እናነሳዋለን» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ከሥራ ስንወጣ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ እኔን አስከትሎ ክርያት ማላኪን ቤት ለቤት ዞረ። ከዚያ በአውቶቡስ ገዴራ። ሠርጉ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ የዚያን ቀን ልብሱን እያስለበሰ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። አክስቴን ያንኑ ቀሚስ አስለብሷት፣ «አሁን ሠርግ ላይ እንዳሉ ይሁኑ» ቢላት፣ «ልጄ፣ ጠላ የለ፣ ከበሮ የለ፣ በባዶ ሆዴ የምን ሠርግ ታመጣብኛለህ» ብላ እየሳቀች ለእህቷ ሰላምታ ላከች። ሳቋ ሁሉ ገብቷል። ያ ካሴት ጎንደር ደርሶ እናቴ ቴፑ እስኪላላ አየችው። እማማ ዝማምም አልተነሣችም፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ልጇን ሰማች።

የመጨረሻው ቀን ገዴራ ነበርን፤ የምንኖርበት ፎቅ መግቢያ ላይ ካሜራውን ከእጁ ወሰድሁበት። የፎቶውን ነው፣ ትንሹን።

«አሁን አንተ ቁም። ለእማማ ዝማም ልላክላት።»

«ብርሃኑ ከኋላዬ ነው፣ አይሆንም።»

«ዙር እንግዲያ።»

ዞረና ካሜራውን ከእጄ ተቀብሎ እኔን አነሳኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ላንሳህ ያለውን ሁሉ እሱ ነው የሚያነሳው። ያን ቀን ግን አልተውኩትም። እናትህ ድምፅህን ፍለጋ የሰው ሠርግ ስትዞር እንዴት አንዲት ፎቶ ትነፍጋታለህ አልኩት። ቦርሳውን ዘግቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ወርቄ፣ ፎቶ የሚላክ ለሚቀር ሰው ነው» አለኝ። «እናቴ አትቀርም። ወረቀቷ እየታየ ነው። ስትመጣ አየር ማረፊያው ላይ አቅፌያት አብረን እንነሳለን። ያኔ አንቺ ታነሽናለሽ፣ ፈቅጃለሁ።»

የሁሉንም ሰው የቀረ የሚጠይቅ ሰው የራሱን ሳይጠይቅ ኖረ። ለእሷ ፎቶ መላክ ቀርታለች ብሎ መፈረም መሰለው። ያኔ «አያ፣ እናትህ እኮ ቀርታለች» ልለው ይገባኝ ነበር። ማን አፍ ኖሮት ይለዋል። እኔም እናቴ አልቀረችም እያልኩ ነው የምኖረው።

ከዚያ በኋላ ካሴት በዲስክ ተተካ፣ ወጣት ጻላሞች በዙ፣ እሱን የሚጠራው ሰው አነሰ። አንዳንዴ አሮጊቶች ልጆቻቸውን ተለማምጠው ያስጠሩት ነበር። የእማማ ዝማም ወረቀት እየታየ ነው እንደተባለ ነው። እኔ ልጅ ወልጄ ከመጋዘኑ ወጣሁ፤ በበዓል በበዓል ካልሆነ አንገናኝም ነበር። ከዚያ ያ ስልክ መጣ።

የቀብሩ ዕለት ከሰዓት፣ ሐዘን የተቀመጡበት ቤት ሰው ሁሉ ካሴቱን ይዞ መጣ። ሦስት ከረጢት ሞላ። አባ ማሩ ዴክ አስመጡና ፊቱን ፍለጋ ጀመርን። ያ ቤት በእሱ ድምፅ ተሞላ። «ስምዎ ማነው፣ እማ? ጎንደር ላይ ለማን ነው ሰላምታዎ?» ይላል የራሱ ለቅሶ ቤት ውስጥ። ሴቶቹ መልስ የሚሰጡት እየመሰላቸው ያለቅሳሉ። ከካሴቱ ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል፣ እነሱ ፊታቸው አለ። የእሱ የለም። አንዱ ላይ አዳራሹ መስታወት ነበረው፣ «ቆይ፣ መልሰው፣ መልሰው» አልን። ረጅም ሰው ወደ ግራ አዘንብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ካሜራ አለ።

ዓርብ ጧት ላይ ነው ትዝ ያለኝ። እንግዳ ሆኖ፣ ባዶ እጁን የተገኘበት ሠርግ አንድ ብቻ ነው። የእኔ። ሠላሳ አምስት ደቂቃው ላይ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያልተቆራረጠው ግን ያቭኔ ይኖር ይሆናል። አባ ማሩን «አገኘሁት» ብዬ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ሳመሰግን ነበር። ያ የተጸጸትሁበት ምርጫ ለዚህ ኖሯል፣ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም እያልኩ።

የያቭኔው ልጅ አወቀኝ። ነገሩን ስነግረው ሱቁን ዘግቶ መደርደሪያውን ሁሉ አወረደ። ካሴቴን አገኘው። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። ካሜራው በበሩ በኩል ወዳሉት ጠረጴዛዎች ሲመጣ ነጭ ኮፍያ አየሁ፤ «እሱ ነው» አልኩ። ኮፍያው ቀና ሊል ሲል ካሜራውን አየ። ወዲያው አንገቱን ሰብሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ካሜራው ከኋላው የተቀመጡትን አሮጊቶች እንዲያገኝ መንገድ እየለቀቀ ነው። እጁን ዘርግቶ «እለፍ፣ እነሱን አንሳ» ይላል። እጁ ብቻ ይታያል። ሌላም ቦታ አገኘነው፣ እዚያም ጎንበስ። ሦስተኛም ቦታ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ ልጁ። «ካሜራ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል።»

«ጻላም ነበር» አልኩት።

ልጁ ካሴቱን አቆመው።

የቀረው መታወቂያው ነበር። እዚህ የደረሰ ሰሞን የተነሣት ጥፍር የምታክል ፎቶ አለችበት። ፀጉሩ የተላጨ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ከበረሃ ተይዞ የመጣ የሚመስል ሰው። ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። መታወቂያውን ይዤ ወደ ያቭኔ ተመለስሁ፣ ልጁ ሰንበት ሳይገባ አሰፋልኝ፤ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ሲሰፋ ፊቱ ነጥብ ነጥብ ሆነ፣ ፍርሃቱ ብቻ በደንብ ወጣ። አባ ማሩ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩትና፣ «ይሁን እንግዲህ፣ ምን እናደርጋለን» አሉ። እሑድ ተላከ።

መርዶውን ሊነግሩ ከሄዱት አንዷ እናቴ ነበረች። እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሄዱ። ሳትነግረኝ ቆይታ በሦስተኛው ቀን ደወለች።

«ገና ስታየን ገባት» አለችኝ። «ማንን አላለችም። ልጅሽን አሏት ሽማግሌው። ፎቶውን ሰጠናት። ወደ በሩ ይዛው ወጣችና በብርሃን አየችው። እኛ ለጩኸቱ ተዘጋጅተን ቆመናል። ‘ይሄ ማነው?’ አለች። ፈንታሁን ነው አልናት። ‘አይደለም’ አለች። ‘የእኔ ልጅ እንዲህ አይፈራም። የሌላ ሰው መርዶ ነው ያመጣችሁብኝ፣ ለባለቤቱ አድርሱ’ ብላ ፎቶውን መለሰችልን።»

«ከዚያስ፣ እማ?»

«ከዚያማ ምን አለ። የሐዘኑ ባለቤት ያላለቀሰችውን ሌላው ምን ብሎ ያለቅሳል። ነጠላችንን አቃንተን ተመለስን።»

እናቴ አንዳንድ ቀን እማማ ዝማም ታውቃለች ትለኛለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አታውቅም፣ ዳግም ሊነግራት የሚደፍር የለም ትለኛለች። እኔ አላውቅም። የማውቀው አንዲት ትክክለኛ ፎቶ ቢኖር ኖሮ ያቺ ሴት ልጇን ታለቅስ እንደነበር ነው። ጽፎ ያኖረውን ደብተር አባ ማሩ ሰጥተውኛል። ሁሉንም ገጽ አየሁት፤ የእሷ ስም የለም።

ከአራት ወር በኋላ የሲጋል ሠርግ ሆነ። ያው የያቭኔው ልጅ ነው ያነሳው። ሳንነግረው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ፣ ግን ምስሉን ዘፈን አለበሰው እንጂ ማንንም አላናገረም፣ ቋንቋውም የለው። ዲስኩን ለእናቴ ላክሁላት። እማማ ዝማም መጣች አለችኝ፤ እንደ ልማዷ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። የልጇ ድምፅ የለበትምና አሁን ተነሥታ ትወጣለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። አልተነሣችም። እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«ዛሬ ዝም ብሎ ነው የሚያነሳ» አለች።